የማክሰኞዋ አህያ

አባቴ በሕይወት ዘመኑ የዋሸው አንዲት ውሸት ብቻ ነው። እሷንም በጽሑፍ ነው የዋሸው፤ በየሳምንቱ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቀንና ሰዓት እየጠቀሰ፣ ከሥሩም እየፈረመ። እኔ ደግሞ ማንበብ የተማርኩት በዚያች ውሸት ነው።

አባቴ የበረሃ ፓርክ ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ሲባል ጠመንጃ አንግቶ የሚንጎራደድ ሰው ከታያችሁ ተሳስታችኋል። የአባቴ ዋና መሣሪያ ሰው የሚያህል ሳንቃ ነበር። የሳንቃው ሁለት ጫፍ ላይ ገመድ ታስሯል፤ አባቴ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሳንቃውን ይጎትትና በምንጩ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ይደለድላል። በዚያ ሁሉ በረሃ ያለው ውኃ ያ ምንጭ ብቻ ስለነበር፣ የጠማው አውሬ ሁሉ መጥቶ በተደለደለው አሸዋ ላይ ዱካውን ትቶ ይሄዳል። ጠዋት አባቴ ዱካውን ያነባል፣ በመዝገብ ይጽፋል፣ ከዚያ ለነገ ደግሞ ይደለድላል። በፓርኩ ውስጥ ምን ያህል እንስሳ እንዳለ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነበር።

ሳንቃው ብቻውን ሲጎተት አሸዋው ላይ ስለሚንሳፈፍ ክብደት ይፈልግ ነበር። ክብደቱ እኔ ነበርኩ። በሰባት ዓመቴ ቋሚ ሥራ ነበረኝ ብል ማጋነን አይሆንም። እግሬን አጣጥፌ ሳንቃው ላይ እቀመጣለሁ፤ አባቴ እያንጎራጎረ ይጎትተኛል፤ የጠዋቱ ቀዝቃዛ አሸዋ በግራና በቀኜ እየተፈናጠረ ጉያዬ ውስጥ ይገባል። አባቴ ዘወር ብሎ "ዛሬ ቀለልሽብኝ፤ ቁርስሽን አልበላሽም?" ይለኛል። እኔም የከበድኩ እየመሰለኝ ትንፋሼን ውጬ ጉንጬን እነፋለሁ። ያኔ የነበረኝን ደስታ ዛሬ የትኛውም ሹመት አይሰጠኝም።

ከምንጩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ በድንጋይ የተከበቡ ክብ ክብ ቦታዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ጎናቸው ክፍት ናቸው። እነዚያ የዱር አህዮች መኝታ ናቸው ብዬ ወስኜ ነበር። አንድ ቀን አባቴን "እዚህ ይተኛሉ አይደል?" ብዬ ጠየቅኩት። አባቴ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ወደ ጉብታው ትንሽ አየና "ይተኙ ነበር" አለኝ። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልጨመረልኝም።

ዛሬ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የምሠራውም እዚያው ፓርክ ውስጥ ነው። ጎብኝዎችን ይዤ እዚያ ጉብታ ላይ ስቆም አርባ ሁለት ክብ እቆጥራለሁ፤ አርባ ሁለት ቤት ማለት ነው። ቦታው ፓርክ ተብሎ ሲከለል ሰዎቹ ከነልጆቻቸው ተጭነው መንገድ ዳር ወዳለው አዲስ ሰፈር ተወሰዱ፤ ከዚያ ወዲህ ከሠራተኛና ከእንግዳ በቀር ሰው እንዳይገባ ተከለከለ። አባቴ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዱካ እንደሱ የሚያነብ ስላልተገኘ ቀጠሩትና የተወለደበትን ሰፈር ከወገኖቹ መጠበቅ ሥራው ሆነ። ይህን ሁሉ ግን ያኔ የነገረኝ የለም።

እናቴ የፓርኩ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች። ሬዲዮው ከፓርኩ በር አጠገብ ባለው ቤታችን፣ የፊት ክፍል ውስጥ ነበር የተተከለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀጉሯን አሰር አድርጋ፣ ሰው የሚያያት ይመስል ቀና ብላ ትቀመጥና አባቴ የጻፈውን መዝገብ ለዋናው ቢሮ ታነባለች። ድምጿ ያኔ የሌላ ሰው ይሆናል። "ሰባት ሚዳቋ፤ ይደገም፣ ሰባት ሚዳቋ። ሁለት ቀበሮ። አንድ ሰጎን ከነጫጩቶቿ።" እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ ጣቴን ከጣቷ ሥር እያስኬድኩ ፊደሉን እከተላለሁ። በአባቴ ጠማማ ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "ሚዳቋ" ነው፤ ሁለተኛው "ጅብ"። ሦስተኛው ላይ ግን ዓረፍተ ነገር ሙሉ አነበብኩ።

"ማክሰኞ። አንዲት የዱር አህያ፣ ሴት፣ አሮጊት። ቀኝ እግሯን ታነክሳለች። ብቻዋን መጣች፣ ብቻዋን ሄደች።"

አንጀቴን በላችው። ገጹን ወደኋላ ገለጥኩ፤ ባለፈው ማክሰኞም አለች። ከዚያ በፊት ባለውም አለች። ሌሎቹ አህዮች በመንጋ ይመጣሉ፤ እሷ ብቻዋን፣ እግሯን እየጎተተች፣ በሳምንት አንዴ። ቤተሰቦቿ ጥለዋት ሄደው ይሆን እያልኩ ብዙ ቀን አዝኜላታለሁ። ላያት እንደምፈልግ ለአባቴ ስነግረው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"ማክሰኞ አንቺ አትመጪም" አለኝ።

"ለምን?"

"ማክሰኞ… አሸዋው ከባድ ነው።"

አባቴ የማይዋሽ ሰው ስለነበር አመንኩት። ማክሰኞ ማክሰኞ አሸዋ እንደሚከብድ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላም ከመምህራችን ጋር በዚህ ተከራክሬያለሁ።

እቴቴን ላስተዋውቃችሁ። እቴቴ የአባቴ አክስት ናት፤ እናቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው እሷ ናት። የምትኖረው መንገድ ዳር ባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እኛ ቤት ትመጣለች። በሩ ጋ ዶማዋን ታስደግፋለች፤ ለእባብ ነው ትላለች። የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ ይረጥባል፤ እናቴ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ ታቀርብላታለች፤ እቴቴም ቀኝ ጉልበቷን እያሻሸች "ይቺ ጉልበት ገና ታስቀብረኛለች" ትላለች። ከዚያ ኪሷ ውስጥ ከረሜላ ፈልጋ ትሰጠኛለች።

ዓመት ጠብቆ እንኳ ዝናብ በማይጥልበት አገር የሴትዮዋ ቀሚስ ለምን በየማክሰኞው እንደሚረጥብ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ለአህያ ያለኝ ዓይን ለአክስት አልነበረኝም።

የፓርኩ አለቃ መጥፎ ሰው አልነበረም። ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው አሸዋ መሀል እንኳ የሚያብረቀርቅ፣ ንግግር የሚወድ ሰው ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሲሾም ምንጩ በአሸዋ ተደፍኖ የደረቀ፣ እንስሳቱም የተሰደዱ ነበሩ። በዓመቱ ምንጩ ራሱ ፈለቀ፤ ሚዳቋውም፣ አህያውም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር አለቃው ምንጩ አጠገብ ቆሞ ደረቱን ነፋ አድርጎ "ያደረግነው ነገር ቢኖር ምንም አለማድረግ ነው! የሰው እጅ ካልነካት ተፈጥሮ ራሷን ታክማለች!" ይላል። አለቃው እዚህ ንግግር ላይ ሲደርስ አባቴን ሁልጊዜ ያስለው ነበር።

አንድ ሰኞ ቀን ከዋናው ቢሮ መኪና መጣ። ከውስጡ አንድ ክንፉ በሽቦ የታሰረ መነጽር ያደረገች ሴት ወረደች። የእንስሳት ዶክተር ናት ተባለ። ወሬዋ ሁሉ ስለ አህያ ነበር። ከእናቴ ጋር በሬዲዮ ብቻ ይተዋወቁ ስለነበር ተቃቀፉ፤ ማረፊያዋም እኛ ቤት ሆነ። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አባቴን "ያችን አሮጊት አህያ ላያት ነው የመጣሁት" አለችው።

አባቴ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ሊወድቅ ሲል ያዘው።

"ሃያ ዓመት ሙሉ የዱር አህያ ተከትያለሁ" አለች ዶክተሯ። "ቀን የምትቆጥር አህያ ግን አላየሁም፤ ሰምቼም አላውቅም። በየሰባት ቀኑ! ሁልጊዜ ማክሰኞ! ይህ እውነት ከሆነ ስለ አህያ እናውቃለን ያልነው ሁሉ ተሳስቷል ማለት ነው። ነገ እንይዛትና አንገቷ ላይ መከታተያ እናስርላታለን።"

"እሷ እንኳ… ለመያዝ ታስቸግራለች" አለ አባቴ።

"እያነከሰች?" አለች ዶክተሯ።

ሊቀበላት የመጣው አለቃ በደስታ ብዛት ጉልበቱን መታ። ፓርኩ በዓለም ሊታወቅ ነው፤ ሦስታችን አንድ ላይ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን አለ። አባቴን ላብ አጠመቀው። ሙቀት ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ስትታጠብ አባቴና እናቴ ጓዳ ገብተው ተንሾካሾኩ። የቤታችን ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነበር፤ እኔም ጆሮዬን አቁሜ ለጠፍኩት።

"ነገ አሮጊቷን እዚያ ካገኟት አለቀላት" አለ አባቴ።

"እንዳትመጣ ንገራት እንጂ!" አለች እናቴ።

"በምን እግሬ ልሂድ? ዶክተሯ ከዓይኔ አትለይ ብላኛለች። አንቺስ ሬዲዮውን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ? ደግሞ ብነግራትስ መች ትሰማለች፤ ባለፈው ነፋስ ምንጩ ተደፍኗል ብላ ቸኩላለች።"

"ይይዟታል በቃ። እዚያ ምን ትሠሪያለሽ ብለው ፖሊስ ይሰጧታል።"

"እኔም እባረራለሁ። የገዛ መዝገቤ ላይ እየፈረምኩ አራት ዓመት ደበቅኳት እኮ።"

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ለአህያ ፖሊስ መጠራቱ ትንሽ ገርሞኛል። ነገሩ ግን ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። አባቴ ያችን ምስኪን አህያ ከመከታተያና ከገመድ ሲደብቃት ኖሯል። ነገ ከተያዘች እሷም ያልቅላታል፤ አባቴም ከሥራው ይባረራል፤ እኛም ከዚያ ቤት፣ ከዚያ አሸዋ እንወጣለን። እኔም ክብደት መሆኔ ያከትማል። ወላጆቼ ሁለቱም ዓይን ውስጥ ስለገቡ መንገዱ ለእኔ ብቻ ነው የቀረው። ከእነሱ ቀድሜ ደርሼ አህያዋን አባርራታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ማክሰኞ ገና ሲነጋጋ የድስት ክዳንና ጭልፋ ይዤ ወጣሁ። የመኪናውን ጎማ መስመር ተከትዬ ግማሽ ሰዓት ያህል ሮጥኩ። ፀሐይ ጫፏን ስታወጣ ምንጩ ጋ ደረስኩና ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክዳኑን በጭልፋው እየቀጠቀጥኩ "ሂጂ! አምልጪ! መጡልሽ!" እያልኩ ጮህኩ።

"ማነው እሱ?" የሚል ድምፅ ከመሬት ውስጥ መጣ።

ዓይኔን ገለጥኩ። እቴቴ ምንጩ ውስጥ እስከ ጭኗ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ዶማዋን እንደያዘች አፍጥጣ ታየኛለች።

"ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? ብቻሽን ነው የመጣሽው? እናትሽ ደህና ናት?"

"አህያዋስ?" አልኳት ቁና ቁና እየተነፈስኩ። "አየሻት?"

"የቷ አህያ?"

"አሮጊቷ! ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው! ቀኝ እግሯን የምታነክሰው! ዶክተሯ መጥታለች፤ አለቃውም አለ፤ ሊይዟት ነው፤ አባዬ መዝገብ ላይ ስለጻፋት ሊባረር ነው!"

እቴቴ ዶማዋን ጭቃው ላይ ተከለች። ከዚያ ቀስ ብላ "ደግመሽ ንገሪኝ፤ ምን ብሎ ነው የጻፋት?" አለችኝ።

በቃሌ ስለማውቀው እንደ እናቴ ቀና ብዬ አነበነብኩላት። "አንዲት የዱር አህያ፣ ሴት፣ አሮጊት። ቀኝ እግሯን ታነክሳለች። ብቻዋን መጣች፣ ብቻዋን ሄደች።"

የእቴቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ዶማዋን ተደግፋ፣ እንባዋ በጭቃው ፊቷ ላይ መስመር እስኪያወጣ ሳቀች። ስታበቃ ግን ቱግ አለች።

"አሮጊት? እኔ ያሳደግኩት ልጅ፣ አፍንጫውን የጠረግኩለት፣ 'አሮጊት' ብሎ ጻፈ? ጠና ያለች ቢል ምን ነበረበት!"

ለአህያዋ እንዲህ መቆርቆሯ ደስ አለኝ። "አባረርሻት?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ሄዳለች፤ አታስቢ" አለችኝ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። "አሁን አንቺ እዚያ ላይ ውጪና በሩ ላይ ተቀመጪልኝ። አቧራ ሲነሳ ካየሽ ንገሪኝ።"

ወደ አህዮቹ መኝታ ጠቆመችኝ። "የትኛው በር?" አልኳት።

"ሦስተኛው። የእናቴ ቤት።"

ከአህያ መኝታ ውስጥ አንዱን ለምን የእናቴ እንደምትል አልገባኝም፤ ቢሆንም ሄጄ ድንጋዮቹ በሚለያዩበት ክፍት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ የምትሠራውን አየሁ። እቴቴ ጭቃውን እየዛቀች ታወጣለች፤ ከዚያ ዶማዋን ትታ በባዶ እግሯ እየዳሰሰች ትዞራለች። ነፋስ አሸዋ ካለበሰው በኋላ የምንጩ ዓይን፣ ውኃው የሚፈልቅበት ቀዳዳ፣ ቦታ ይለውጣል፤ በዶማ ብቻ ቢፈለግ አይገኝም። ተረከዝ ላይ ቅዝቃዜ ሲመጣ ያኔ ነው የሚታወቀው። ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ እናቷን ደግሞ አያቷ። ወንዶቹ ከብት ይጠብቁ ስለነበር አባቴ እንኳ አያውቀውም። ዛሬ በዚያ ፓርክ ዓይኑን በተረከዜ የማገኘው እኔ ነኝ።

አቧራው ተነሳ። "እቴቴ፣ መኪና!" ብዬ ጮህኩ። "ሩጪ፣ እንደበቅ!"

እቴቴ ቀና ብላ አየች። "ዓይኑ ገና አልተከፈተም" አለች። "አሁን ጥዬው ብሄድ ተመልሶ ይደፈናል። ደግሞ በዚች ጉልበቴ የት እደርሳለሁ? መደበቁስ ሰለቸኝ።" ከዚያ ጎንበስ ብላ መቆፈሯን ቀጠለች።

መኪናው ዘግይቶ ነው የደረሰው። አባቴ መጀመሪያ የሰጎን እንቁላል ላሳያችሁ ብሎ በሌላ ሸለቆ አዙሯቸዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ጎማው የተነፈሰ መስሎት ሁለቴ አስቁሟል። ሲወርድና እቴቴን፣ እኔን፣ የድስቱንም ክዳን ሲያይ የመኪናውን ኮፈን ተደገፈ።

አለቃው ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ። "እማማ! እዚህ ማን አስገባዎት? ይህ እኮ የተከለለ ቦታ ነው! የሰው እጅ እንዳይነካው ስንት ዓመት የደከምንበት!"

"ደክመሃል?" አለችው እቴቴ፤ አንድ ዶማ ሙሉ ጭቃ ጫማው አጠገብ ወረወረች። "ቆይ አሁን አወራሃለሁ።"

እኔ ከጉብታው ወርጄ አባቴ ፊት ቆምኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "አህያዋ የለችም! እቴቴ አባረረቻት! አባዬን አታባርሩት!" አልኩ።

ዶክተሯ እኔን አላየችኝም። ያጎነበሰችው አሸዋው ላይ ነበር። ከምንጩ ጀርባውን እስካለው ገደል ጥግ ድረስ አንድ መስመር ዱካ ይታያል፤ የሰው ዱካ፣ ቀኙ ጎተት ያለ። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ አባቴን "መዝገቡን ስጠኝ" አለችው።

አባቴ በሁለት እጁ ሰጣት።

ብዙ ገጽ ገለበጠች። እቴቴ መቆፈሯን አላቆመችም። "ማክሰኞ፣ አሮጊት አህያ" አለች ዶክተሯ ለራሷ። "ረቡዕ፣ አሥራ ሁለት ሚዳቋ፣ አራት አህያ። ማክሰኞ፣ አሮጊት አህያ። ረቡዕ፣ አሥራ አምስት ሚዳቋ፣ ሦስት ሳላ…" ከዚያ ቆመች። "ባለፈው ዓመት ሁለት ወር ጠፍታለች።"

"ጉልበቴን አሞኝ ተኝቼ ነበር" አለች እቴቴ ከጉድጓዱ ውስጥ።

ዶክተሯ ገጹን ወደ አለቃው አዞረችለት። "እነዚህን ሁለት ወራት አንብባቸው። አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ አንድ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ባዶ ናቸው፤ አንዲት ጥንቸል እንኳ የለችም። ከዚያ አሮጊቷ ተመለሰች፤ በነጋታው ሰባት ሚዳቋ።"

አለቃው አነበበ። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበ።

"አለቃ" አለች ዶክተሯ ረጋ ብላ፣ "ይህችን አህያ ካባረርክ ሌሎቹም አይመጡልህም።"

በዚያች ሰዓት እቴቴ "እሰይ!" ብላ ጮኸች። ከእግሯ ሥር ውኃው ቡልቅ ብሎ ወጣ፤ መጀመሪያ የደፈረሰ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለ፣ ከዚያ ጥርት ያለ። ሁላችንም ጠርዙ ላይ ተሰብስበን አየን። አለቃውም እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለዚያ ሁሉ እንግዳ ራሱ ፈለቀ ሲል የኖረው ውኃ ሲፈልቅ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። "አንተ… ስንት ንግግር ሳደርግ ከጎኔ ቆመህ ታስላለህ!"

"ዱካ መዝለል አልቻልኩም፣ ጌታዬ" አለ አባቴ። "ያየሁትን ሁሉ ጻፍ ተብያለሁ። ሰው ብዬ ከጻፍኩ ትታሰራለች። ባልጽፍ ደግሞ መዝገቡ ይዋሻል። ስለዚህ ዱካዋን ጻፍኩና ስሟን ተሳሳትኩ።"

ዶክተሯ ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነች፤ ከኋላው የምትስቅ ይመስለኛል። አለቃው ግን አልሳቀም። ቢያባርረው መብቱ ነበር፤ አባቴም ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር የሚጠብቀው።

"ታርመዋለህ" አለ አለቃው በመጨረሻ። "ሁለት መቶውንም ማክሰኞ። አንድ በአንድ። አህያ ያልክበትን ሰርዘህ ሴት ብለህ ትጽፋለህ፤ ከጎኑም ትፈርማለህ።" ትንሽ አሰበና "አሮጊት የሚለውንም" አለ።

"እሱን እንኳ መጀመሪያ!" አለች እቴቴ።

አባቴ ያን ሥራ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጅቶበታል። እናቴ እየሳቀች ቀን ትጠራለታለች፣ እሱ ምላሱን ጎልጉሎ ይሰርዛል። እኔ ግን ያን ጊዜ የሰማሁት "ታርመዋለህ" የሚለውን ብቻ ነው። አባቴ አልተባረረም፣ አህያዋም አልተያዘችም፤ ከዚህ የበለጠ ድል አልነበረኝም። የድስቱን ክዳን እየመታሁ ቤት ገባሁ።

የከፋኝ በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። አለቃው ለእቴቴ የመግቢያ ወረቀት አዘጋጅቶ ሲልክላት "የተወለድኩበት ቤት ለመግባት ወረቀት አላሳይም" ብላ መልሳዋለች። ሁለት ቀን ተቆጥቶ ከረመና ወረቀቱን ቀዶ፣ ለፓርኩ በረኛ ስትመጣ ምንም ሳትጠይቅ ክፈት ብሎ አዘዘ። እኛም ልንቀበላት ወደ ፓርኩ በር ወጣን። እቴቴ በገደሉ ሥር ሳይሆን በትልቁ መንገድ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መጣች። ለእግረኛ ትንሿ በር ትበቃ ነበር፤ በረኛው ግን የመኪናውን በር ሁለቱንም ክንፍ በረገደው።

ሁሉም ሲስቅ እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

"ምን ሆንሽ ደግሞ?" አለ አባቴ ጎንበስ ብሎ።

"ይሄ ሁሉ ሰው እያየ አህያዋ እንዴት ትመጣለች? ብቻዋን ነው እኮ የምትመጣው! በቃ ውኃ ጠምቷት ትሞታለች!"

እናቴ አባቴን አየችው። "ንገራት በቃ፤ ስንት ጊዜ ልጅ ታታልላለህ?"

አባቴ ነገር ማስረዳት አይችልበትም። ጉሮሮውን ጠረገና "አህያዋ እቴቴ ናት" አለኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው።

ከላይ እንዳልኩት አባቴ የማይዋሽ ሰው ስለሆነ አመንኩት። እቴቴ አንዳንድ ጊዜ አህያ ትሆናለች ብዬ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ አምኛለሁ፤ አንድ ሰሞን እኛ ቤት ስታርፍ ከራስጌዋ ሣር አስቀምጥላት ነበር። ያን ቀን ግን ገና ትኩስ ነገር ነበርና ሮጬ መንገዷን ዘጋሁባት። እግሮቿን አየሁ፤ የሰው ናቸው።

"እቴቴ፣ እውነት አህያ ነሽ?"

"ዝም በይ፣ ባለጌ!" ብላ እናቴ ጮኸች። አለቃው ፊቱን አዞረ።

እቴቴ ግን አልተቆጣችም። በሩ መሀል ላይ ቆማ ዶማዋን ከትከሻዋ አወረደች።

"ነበርኩ" አለችኝ። "ሰው እንዳይገባ ሲከለከል፣ አህያ አልተከለከለም ነበር። ስለዚህ አራት ዓመት አህያ ሆኜ ገባሁ።"

"አሁንስ?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት የተከፈተውን በር ግራና ቀኝ አየች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አሸዋ፣ ጉብታውን፣ ድንጋዮቹን አየች። ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ድምጿ ግን ደህና ነበር።

"አሁን ሰው ሆኜ እስቲ ልግባ። ነይ፣ ዶማዬን ያዢልኝ።"

ዶማው ከእኔ ይረዝም ነበር። አንድ ጫፉን እሷ፣ አንድ ጫፉን እኔ ይዘን በበሩ ገባን።